ካርታ የምንጫወት መስለን ስንዘምር

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ደወለልኝ። «ፓስተር፣ አራት ሆነን ያለ መሣሪያ መዘመር ጀምረን ነበር፤ አልሆነም። ለየብቻችን ሁላችንም እንችላለን፣ አብረን ስንሆን ግን ገበያ እንመስላለን» አለኝ። ሳቅሁና አንድ ሰዓት ያህል ስለ ቴነር፣ ስለ ባሪቶን፣ ስለ ቤዝ ቀባጠርኩለት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ዋናውን እንዳልነገርኩት የገባኝ። እኔ ይህን ነገር የተማርኩት ደሴ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ ድምፃችን መንገድ ላይ እንዳይሰማ እየተሳቀቅን ነው። ከዚያው ልጀምርለት።

የተወለድኩት በ1950 ዓ.ም ነው። አባቴ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ሲመለስ ናፍጣና አቧራ ይሸታል። አንድ ጊዜ በቡናማ ቆዳ የተለበጠ ትራንዚስተር ራዲዮ ይዞ መጣ። እናቴ ጥልፍ አልብሳ ብፌው ላይ አስቀመጠችው። ማታ ማታ «ብሥራተ ወንጌል»ን እንሰማለን፤ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም አዲስ አበባ የከፈተውን ጣቢያ። አባቴ የሚፈልገው ዜናውን ነው። እኔ የምጠብቀው በዝግጅቶቹ መሀል ጣል የሚያደርጉትን መዝሙር። አንድ ምሽት የወንዶች ድምፅ ብቻ ያለበት፣ መሣሪያ የሌለው መዝሙር መጣ። ቋንቋው አልገባኝም። ከታች ግን አንድ ሰውዬ እንደ በገና ይርገበገባል፤ ሌሎቹ በላዩ ላይ ይሄዳሉ። «አባዬ፣ ያ ሰውዬ ጉድጓድ ውስጥ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። አባቴ እስኪሞት ድረስ በዚህ ጥያቄዬ ሲስቅብኝ ኖረ።

የእናቴ አባት መሪጌታ ነበሩ። ፊደል የቆጠርኩት፣ ዳዊት የደገምኩት እሳቸው ዘንድ ነው። የያሬድን ምልክቶችም፣ ይዘቱን፣ ድፋቱን፣ ርክርኩን፣ በቃሉ አናት ላይ እያሳዩ አስተምረውኛል። ማኅሌት ሲቆም ሊቃውንቱ ቀኝና ግራ ሆነው ሲቀባበሉ ከአጠገባቸው እቆማለሁ። ድምፄን ከፍ ካደረግሁ በመቋሚያቸው ጫፍ የእግሬን ጣት ጫን ያደርጉታል። አይቆጡም፣ አይናገሩም፤ ጫን ብቻ። (በኋላ ወንጌላዊ አማኝ ስሆን ሁለት ዓመት አላናገሩኝም። እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።)

በ1965 ዓ.ም ወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የሒሳብ አስተማሪያችን ከአሜሪካ፣ ከአላባማ የመጣ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኛ ነበር። ቁመቱ በር ላይ ጎንበስ የሚያሰኘው፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ በአፍንጫው የሚያንጎራጉር ሰው። አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጬ የሚያንጎራጉረውን ዜማ ተከተልኩት። ዞር አለ፣ ጠመኔውን አስቀመጠና «ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ና፤ ሦስት ልጆች ይዘህ ና» አለኝ።

ይዤ ሄድኩ። እሱም ሰሌዳው ላይ ለሰባቱ የድምፅ ደረጃዎች ቅርፆች ሣለ። ዶ ሦስት ማዕዘን፣ ሬ ጎድጓዳ ሳህን፣ ሚ አልማዝ፣ ፋ እንደ ባንዲራ ያዘነበለ ሦስት ማዕዘን፣ ሶል ክብ፣ ላ ካሬ፣ ቲ የአይስክሬም ኮን። በእነሱ አገር ገጠሬው ሙዚቃ የሚማረው በዚህ ነው አለን፤ ተዘዋዋሪ አስተማሪ ይመጣል፣ አዝመራ ጋብ ሲል ሁለት ሳምንት ያህል ያስተምርና ይሄዳል። እኔ ወዲያው አያቴ ትዝ አሉኝ። ነገሩ ግን አንድ አይደለም። የያሬድ ምልክት ዜማው እንዴት እንደሚሄድ ይነግርሃል፤ የአስተማሪያችን ቅርፅ የቆምክበትን ደረጃ ይነግርሃል። ሁለቱን አንድ ላይ ስይዛቸው ካርታም መንገድም ያገኘሁ መሰለኝ።

ከዚያ ስማችንን እየጠራን እንድንናገር አደረገና ቦታ ሰጠን። ሌሎቹን ሦስቱን በስማቸው አልጠራቸውም፤ በድምፃቸው ልጥራቸው። ቤዛችን፣ ቤዝ የሚዘምረው ማለቴ ነው፣ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ወፍራም አንገት ያለው፣ ሁሉንም ነገር «አብሽር!» እያለ የሚያልፍ የወሎ ልጅ። ባሪቶናችን ዝምተኛ፣ ደብተሩ የማይጨማደድ። ቴነራችን ቀጭን፣ ሳቁ እንኳ ከላይ የሚጀምር። እኔ መሪ ሆንኩ፤ ዜማውን የሚይዘው ማለት ነው። ቴነሩ ከዜማው በላይ ይሄዳል፣ ባሪቶኑ በመሀል የተረፈውን ይሞላል፣ ቤዙ መሬቱን ይይዛል። ለሁለት ዓመት ያህል ሐሙስ አላመለጠንም።

አብዮቱ መጣ፤ አስተማሪያችን ሄደ። መጋቢት 1969 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት ራዲዮ ጣቢያውን ወረሰውና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። በዚያ ሰሞን አባቴ ራዲዮውን ሲከፍተው እኔ ተነስቼ እወጣ ነበር።

የእኛ ትንሽ የወንጌላውያን አማኞች ጉባኤ መሰብሰብ አልቻለም። ትልቅ መዘምራን የማይታሰብ ሆነ፤ ሃያ ሰው አንድ ቤት ሲገባ ሰፈሩ ያያል። አራት ሰው ግን ካርታ ሊጫወት ይችላል። ስለዚህ የቤዛችን አባት ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ካርታ በትነን ተቀመጥን። ቤዛችን ከሲንጀር መኪናው ጋር ነው፤ ጨርቅ ሳይኖርበት ፔዳሉን ይረግጣል፣ ድምፁ ይሸፍነናል፣ ምቱንም ይይዝልናል። በለሆሳስ እንዘምራለን። ሹክሹክታ አላልኩም፤ ሹክሹክታ ጉሮሮ ያደክማል፣ ዜማም የለውም። በለሆሳስ ማለት ድምፁ እውነተኛ ድምፅ ሆኖ ግን ከጠረጴዛው ጠርዝ አለማለፍ ነው።

ለዚያ ልጅ ያልነገርኩት ይህን ነው። ኳርቴት፣ ይህ በአራት ድምፅ መዘመር ማለት ነው፣ የምትማረው በለሆሳስ ነው። ጮክ ብለህ ስትዘምር ራስህን ብቻ ትሰማለህ፤ የምትሳሳተውን ጉልበትህ ይሸፍነዋል። በለሆሳስ ስትዘምር መደበቂያ የለም። የአንዱ «ኧ» ወደ «አ» ካጋደለ ወዲያው ይታወቃል። የባሪቶኑ ድምፅ ግማሽ እርምጃ ቢወርድ ጠረጴዛው ራሱ የሚያውቅ ይመስላል። አንድ ማታ አራቱ ድምፆች በትክክል ሲገጥሙ፣ ከእኛ ማንም ያልዘመረው አምስተኛ ድምፅ ከላይ ሲደወል ሰማን። ቴነራችን ደንግጦ ወደ ጣሪያው አየ። ቆይቶ እንደተማርኩት ይህ ተአምር አይደለም፤ ድምፆች ንጹሕ ሆነው ሲገጥሙ ንዝረታቸው ተደምሮ የሚፈጥረው ነገር ነው። ያኔ ግን መልአክ መስሎን ነበር፤ እኔ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተከራከርኩትም።

አንድ ምሽት በሩ ተንኳኳ። የቀበሌ አብዮት ጥበቃ፣ ጠመንጃ ያነገተ፣ በዕድሜ ከእኛ ብዙም የማይበልጥ።

«ምን ትሠራላችሁ?»

«ካርታ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «በሉ እኔንም አስገቡኝ፤ ኮንከር ነው?»

ችግሩ አራታችንም ካርታ አንችልም። ባሪቶናችን ካርታውን እንደ መጽሐፍ ይዞ ያነባል። ቴነራችን ያልተጠየቀውን ጣለ። ጥበቃው ሁለት ዙር ዝም ብሎ አየን፤ ከዚያ የያዘውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተነሳ። «ካርታ የማይችል ቁማርተኛ ዛሬ አየሁ» አለ። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ቤዛችን ዞረ፤ «አንተ ቀነስ አድርግ፤ ከውጭ የሚሰማው ያንተ ነው።» ሄደ። ለማንም አልተናገረም። እስከ ዛሬ ከተሰጡኝ የሙዚቃ አስተያየቶች ሁሉ እንደዚያ ትክክለኛ የለም፤ የቤዝ ድምፅ ግድግዳ ያልፋል።

ቴነራችን በ1970 ዓ.ም ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም።

ሦስት ሆነን አንዳንዴ ሞከርን። የእሱን ድምፅ ማንም አልወሰደም፤ ቦታው ሲደርስ ዝም እንላለን። በ1974 ዓ.ም በጅቡቲ በኩል ወጣሁ፤ ስለ መንገዱ ብዙዎች ጽፈዋል፣ የእኔ ከእነሱ የተለየ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ቴነሲ፣ ናሽቪል ደረስኩ። ሌሊት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተረኛ ነበርኩ። ብቻዬን ሳንጎራጉር የሰማኝ አንድ ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬ «እሑድ ከሰዓት ምን አለህ?» አለኝና ቤተ ክርስቲያናቸው ወሰደኝ።

እዚያ ያየሁትን ለመግለጽ ዛሬም ቃል ያጥረኛል። ስድስት ሽማግሌዎች አንድ ዓይነት ሱፍ ለብሰው ቆሙ፤ ፒያኖ የለ፣ ከበሮ የለ፤ ጭናቸውን በመዳፋቸው ይመታሉ። እኔ ስቆጥር ስድስት ናቸው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ኳርቴት ይላል። ጎኔ ያለውን ሰው ጠየቅሁት። ኳርቴት አራት ሰው ሳይሆን አራት ድምፅ ነው አለኝ፤ ሁለት መሪዎች እየተቀባበሉ ሊመሩ ይችላሉ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ያነሳል። ከዚያ ቤዙ ጀመረ። ወንበሬ ተንቀጠቀጠ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ በራዲዮ የሰማሁትን ያንን ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

ናሽቪል ለዚህ ነገር ተራ ከተማ አይደለችም። ከባርነት የወጡት የፊስክ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1871 ለትምህርት ቤታቸው ገንዘብ ሊያሰባስቡ እየዘመሩ የወጡት ከዚህ ነው። ፌርፊልድ ፎር የተባለውም ቡድን እ.ኤ.አ. በ1921 በአንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተጀመረው እዚሁ ነው። ከናሽቪል በስተ ደቡብ ሎረንስበርግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ጄምስ ቮን የተባለ የመዝሙር መጽሐፍ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1910 አራት ወንዶችን ደመወዝ ከፍሎ መጽሐፉን በየከተማው እየዘመሩ እንዲያሻሽጡለት ላካቸው። የነጮቹ የደቡብ ኳርቴት ሙያ ሆኖ የቆመው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ሳነብ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም፤ ይህን ያህል የምወደው ነገር ሥሩ ገበያ ውስጥም ነው። መጽሐፉ የታተመው ደግሞ በእነዚያ ቅርፆች ነው፤ ሦስት ማዕዘን ዶ፣ ክብ ሶል። ደሴ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ያየሁት ማለት ነው።

በኋላ የነጮቹን ትልቅ ዓመታዊ የኳርቴት ጉባኤም ሉዊቪል ድረስ ሄጄ አይቻለሁ። ጉባኤውን እ.ኤ.አ. በ1957 ሜምፊስ ላይ ከጀመሩት አንዱ ጄ. ዲ. ሰምነር ነው፤ ኋላ ከኤልቪስ ፕሪስሊ ጀርባ ቆሞ የዘመረው ያ ቤዝ። ሺሕ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ እንደኔ ጥቁር ፈልጌ በጣት የሚቆጠር አገኘሁ። ያቺን እሑድ ከሰዓት የገባሁባት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ነጭ አልነበረም። አንድ መዝሙር፣ ሁለት አዳራሽ። የተቀበሉኝ ሁለቱም በደንብ ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። ግን አንዱን ለሌላው ስነግር የሚሰማኝ ዝምታ ነበር።

የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ከሆንኩ በኋላ ኳርቴት አቋቋምኩ። ሦስት ጊዜ ፈረሰ። የመጀመሪያውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። መሪ ነበርኩ፣ መጋቢም ነበርኩ፤ ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ጆሮ አይኖረውም። ባሪቶናችን አንድ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ሁልጊዜ ከሥራ ደክሞ ይመጣል። ድምፁ አልሰማ ብሎኝ በሁሉም ፊት «ጮክ በል እንጂ፣ የለህም እኮ» አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም፤ እኛም ዘመርን። መዝሙሩ ባዶ ጣሳ ሆነ። እሱ የማይሰማው በትክክል ስለሚገጥም እንደነበረ ያኔ ገባኝ። ጥሩ ባሪቶንን ጉባኤው ቀርቶ እናቱም አትለየውም፤ ሲጎድል ግን ሁሉም ያውቃል። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ቡና አፈላልኝ፣ ይቅር አለኝ፣ ተመልሶ ግን አልዘመረም።

እንግዲህ ለደወለው ልጅና ለጓደኞቹ፣ ሥራው ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግታችሁ ተቀመጡ፤ መድረክ ላይ እንደሚቆሙ ተደርድራችሁ አትለማመዱ። መጀመሪያ ቤዝና መሪ ብቻ ይዘምሩ። እነሱ ካልገጠሙ ሌላው ትርፍ ድካም ነው። ከዚያ ቴነር ግባ፤ ባሪቶን መጨረሻ። ስልካችሁን መሀል ላይ አስቀምጡና ቅዱ፤ ለማንም አትላኩት፣ ራሳችሁ ስሙት። አንድ ድምፅ ሲደጋገም ቀስ በቀስ እንደሚወርድ ታገኛላችሁ፤ አራታችንም እንወርዳለን፣ አብረን ስለምንወርድ አናውቀውም። ሲጀመር የወሰዳችሁትን መነሻ ድምፅ ሲያልቅ እንደገና አሰሙትና አወዳድሩ።

የእኛን ዜማ ስታነሡ ከትዝታ ጀምሩ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ያለውን ዋናውን ትዝታ። ለአራት ድምፅ ይመቻል። አንቺሆዬን ለመጨረሻ አቆዩት። በውስጡ ያሉት ጠባብ እርምጃዎች የፈረንጁን የድምፅ አደራደር አይቀበሉም፤ ግድ ብላችሁ ካስገባችሁት አንቺሆዬነቱ ይጠፋል። እኔ የሆነልኝ ቤዙ መነሻውን ድምፅ እንደ በገና ይዞ ሲቆይ፣ ባሪቶኑም አፉን ገጥሞ ሲያንጎራጉር ነው። ቴነሩን አንዳንዴ ጭራሽ አስወጥቼዋለሁ። በየቦታው አራት ድምፅ መኖር አለበት ያለው ማነው?

ኪቦርዱን ዝጉት። ያ ከሳጥኑ የሚወጣ የተዘጋጀ ምት ለኳርቴት መርዝ ነው። በዚህ ከኪቦርድ ተጫዋቾቻችን ጋር ሃያ ዓመት ተጣልቻለሁ፤ አሁንም አልታረቅሁም።

ከሁሉም የከበደኝ ዜማው ሳይሆን ቋንቋው ነበር። ክብር የሚለውን ቃል አራት ሰው ሲዘጋው «ር» አራት ጊዜ ትወድቃለች፤ እንደ ሳንቲም። መቼ እንደምትዘጉት ተነጋገሩ፤ እስከዚያ ድረስ «ብ» ላይ ያለችውን ትንሽ ድምፅ ያዙ። ማጥበቅና ማላላት ደግሞ አለ። «እግዚአብሔር አለ» ብላችሁ ብታጠብቁት መኖሩን መሰከራችሁ፤ ብታላሉት ተናገረ ማለታችሁ ነው። አንድ ፋሲካ ሁለታችን አጥብቀን ሁለቱ አላልተው ዘመርን። አንዲት አሮጊት ከፊት ወንበር «ምን አለ?» አሉ፤ ንግግሩን ይጠብቃሉ። ጉባኤው ሳቀ። እኔ ግን አያቴ በመቋሚያቸው ጣቴን ሲጫኑት ተሰማኝ።

አሁን ጉልበቴ ቀንሷል፤ ስብከቱን ለወጣቶች ለቅቄአለሁ። ባሪቶናችን፣ የደሴው፣ ከሦስት ዓመት በፊት አረፈ። ቤዛችን አለ። የአባቱን ሱቅ ይዞ ዛሬም ይሰፋል። በስልክ አብረን ለመዘመር ሞክረን ነበር፤ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ አንዳችን ስንጨርስ ሌላው ገና መሀል ላይ ነው። ስለዚህ በቴሌግራም እንላላካለን። እሱ ቤዙን ብቻ ይቀዳል፤ ከጀርባው የሲንጀሯ ፔዳል ይሰማል፣ አንዳንዴም የመስጊዱ አዛን ይገባበታል፣ እሱም አያቆምም። እኔ በላዩ ላይ ዜማውን እጨምራለሁ። ናሽቪል የተወለደችው ልጄ ደግሞ ባለፈው ዓመት ቴነሩን ልሞክር አለችኝ። አርባ ምናምን ዓመት ዝም ያልንበት ቦታ ስለነበር መጀመሪያ ላይ እሺ ማለት ከበደኝ። ዘመረችው። ቀድቼ ለቤዛችን ላክሁለት።

ሁለት ቀን አልመለሰም። በሦስተኛው ቀን የድምፅ መልእክት መጣ፤ መጀመሪያ ፔዳሉ፣ ከዚያ ሳሉ፣ ከዚያ እሱ።

«ልጅት ጎበዝ ናት፤ አብሽር በላት። ግን ‹አለ› ላይ ላላ አደረገችብኝ። አጥብቂው በላትና እንደገና ላክልኝ።»